በወንድም ፊት የማይጠራ ቃል

በውቅያኖስ መሐል ባለችው ኤዋ ደሴት ላይ ስለ ጡት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ ሰው ቢፈለግ ቫሲቲ ብቻ ናት። ሌላው ቃሉን ከአፉ ሳያወጣ ነው ኖሮ የሚሞተው። እሷ ግን በተገኘው ፒካፕ ጀርባ ላይ ተጭና፣ ከአሮጌ ሹራብ የሰፋቻቸውን ሁለት ትልልቅ ጡቶች በዘንቢል ይዛ ከመንደር መንደር ትዞራለች። አንደኛው ውስጥ የባቄላ ፍሬ ቀብራበታለች። ሴቶቹ በየተራ እየዳበሱ ፍሬዋን እስኪያገኟት ድረስ ወደ ቤት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ ይገፋፋሉ፤ ፍሬዋ ጣታቸው ስር ስትመጣ ግን ሳቁ ቀጥ ይላል።

ይህን ሥራ ማንም አልሾማትም። እናቷ ደረቷ ላይ የወጣውን ነገር በቅጠል እያሰረች፣ በላዩ ላይ ልብስ እየደራረበች ከርማ፣ የታወቀባት ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ሲደርስ ነበር። ቫሲቲ የእናቷን ገላ ያጠበች ቀን ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን አፏን የሚዘጋው አልተገኘም። ዋናው ደሴት ላይ የሴቶች ማኅበር ሥልጠና ሲሰጥ ተሻግራ ተማረች፤ ስትመለስ መርከቧ ላይ ስታስመልስ ብትውልም ማግስቱን ሥራ ጀመረች።

ስብሰባውን የምትከፍተው ሁልጊዜ ወንዶቹን በማስወጣት ነው። «ወንዶች፣ እስኪ እግራችሁን አፍታቱ፤ የዳቦ ፍሬ ዛፉ ጥላ ይጠብቃችኋል!» ትላለች። ወንዶቹም ይህችን ሲጠብቁ ነበርና እየተጋፉ ይወጣሉ። ወንድምና እህት ባሉበት የገላ ነገር አይነሳም፤ ወንድም እህቱ ቤት አይገባም፤ ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች ሲሳሳሙ ከታየ ብድግ ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። እህት የምትባለው ደግሞ የእናት ልጅ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። የአጎትም የአክስትም ልጅ እህት ናት፤ ስለዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ የማይተፋፈር ሰው ከየት ይመጣል? ይህ ሁሉ ማፈር ግን ክብር ነው። ታላቅ ሆነች ታናሽ፣ እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ ያዘዘችውን አልፈጽምም የሚል ወንድም እዚያ አገር አልተወለደም።

ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣው ታናሽ ወንድሟ ፊሊሞኔ ነበር። አዳራሹን የሚጠርግላት፣ ወንበር የሚደረድርላት፣ ድምፅ ማጉያውን የሚሰካላት እሱ ነው። እሷ በፊት በር ብቅ ስትል እሱ በጓሮ በር ውልቅ ይላል። የእህቱን ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ሰምቶት አያውቅም።

ሥልጠናው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ የጡት ካንሰር ወንዶችንም ይይዛል፣ ጥቂት ቢሆንም። ቫሲቲ መጀመሪያ ላይ ትላት ነበር፤ በኋላ ተወቻት። ማን ሊሰማት? ወንዶቹን እሷው አስወጥታ!

አንድ ሰኞ የፊሊሞኔ ሚስት ሜሊያሜ ነጭ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዝ ይዛ መጣች።

«እትዬ ቫሲቲ፣ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ብዬ ነው። ይሄ ነገር በምን ይለቃል? በረኪና፣ ሎሚ፣ ያልሞከርኩት የለም።»

ሸሚዙ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ ቡናማ ክብ ነበረች።

«የዛፍ ሙጫ ይሆናላ፤» አለች ቫሲቲ።

«ሙጫ እንዳልል ሁሉም ሸሚዙ እንዲህ ነው። ሁልጊዜም እዚሁ ጋ።»

ቫሲቲ ሸሚዙን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። ክቧን በጣቷ ዳበሰቻት።

«እዚህ ቦታ ላይ ምን አለው?»

«እብጠት ነው፤ ፈረሱ በጭንቅላቱ መታኝ ይላል። ከተመታ ግን ቆየ እኮ።»

ቫሲቲ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ታውቀዋለች። በድምፅ ማጉያ ስትጠይቀው ኖራለች። አሁን ግን ስለ ገዛ ወንድሟ ገላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቃሉ አልወጣ አለ። ያ ሁሉ ሴት ፊት ያላፈረ አፍ በአንዲት የወንድም ሚስት ፊት ተለጎመ። ሜሊያሜ ገባት መሰለኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በሹክሹክታ፣ «ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፤» አለች።

«ታዲያ ክሊኒክ የማይሄደው ምን ሆኖ ነው?»

«ነርሷ ማን ሆነችና? የአክስታችሁ ልጅ! እህቱ ፊት ሸሚዙን ያውልቅ?»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪው!» አለች ቫሲቲ። ቆሽቷ አረረ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቀችውም።

«ነገርኩት። የእትዬ ቫሲቲ በሽታ ይሆናል አልኩት። የሴት ነገር በኔ ላይ ለጥፈሽ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ፤ ከዚያ ወዲህ እርሻው ላይ ነው የሚያድረው።»

የምትይዘው የምትጨብጠው ቢጠፋት ቫሲቲ ወደ ፓስተሩ ሄደች። ፓስተሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነበር። እርሻው ድረስ ሄደው፣ ያም የሚባለው ሥራ ሥር የተተከለበት ጉብታ ላይ ተቀምጠው፣ እግዚአብሔር ለሰው ስለሰጠው ሀብት፣ ደብቆ ስለማቆየት፣ ሳይበላሽ በጊዜ ስለማቅረብ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ ዙሪያ ጥምጥም ተናገሩ። ስለ ደረት ትንፍሽ አላሉም። ፊሊሞኔ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፣ አመሰገነ፣ ሸኛቸው። በማግስቱ የሰባ አሳማ እየጎተተ ግቢያቸው ደረሰ።

«ገብቶኛል አባቴ፤» አለ። «ዘንድሮ ለቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ትንሽ ነበር። ሳይጠይቁኝ ማምጣት ነበረብኝ።»

ፓስተሩ አሳማውን መመለስ ነውር ሆኖባቸው ተቀበሉ። ቫሲቲ ይህን ስትሰማ እስኪያማት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

በዚያው ሰሞን የጡት ምርመራ ቡድን ከዋናው ደሴት መጣ። እንግዳ ሐኪም ይዞ ነበር፤ ፊጂያዊ፣ ኤዋ ላይ አንድም ዘመድ የሌለው። ቫሲቲ ሴቶቹን ከየመንደሩ ለቅማ አምጥታ ክሊኒኩ ደጅ አሰለፈቻቸው። አርብ የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ቡድኑ ቅዳሜ ጠዋት በመርከብ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ሲል ጠብቃ፣ የማን እንደሆነ ሳትናገር፣ ስለ ሸሚዙ ነገረችው።

ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰውየው አሁን የት ነው?»

«አለ። እዚሁ ነው።»

«ዛሬ አምጪው። ሄጄ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ይሄን ሁሉ ሴት ግን ጥዬ አልሄድም። በሚቀጥለው እንመጣለን ብዬ አልዋሽሽም። እንዲህ ያለው ነገር አይጠብቅም።»

ቫሲቲ ሰልፉን አየችው። መንገዱ ድረስ ይደርሳል። በየቦታው ዞራ፣ ለምና፣ ተቆጥታ የሰበሰበችው ሰልፍ ሐኪሙን አስሮባት ቁጭ አለ።

ወዲያው ሜሊያሜ እያለከለከች መጣች። «እትዬ፣ ካቫ ቤት ነው ያለው። ነገ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ሊወጣ ነው። መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም!»

ወንዶች ተሰብስበው ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ በሚጠጡበት ቤት ሴት አትገባም። ካቫውን የምትቀዳዋ ልጅ ብቻ ናት የምትቀመጠው፤ እሷም ከተቀመጡት ከማንም ጋር እንዳትዛመድ ተጣርታ ነው። ወንድሟ የተቀመጠበት ካቫ ቤት በር ላይ የምትቆም እህት በሕልምም አትታሰብም። ቫሲቲ ቤቷ ገብታ፣ ለቀብር ስትሄድ የምትታጠቀውን ሰሌን ወገቧ ላይ ታጥቃ ወጣች። ፈርታ ነበር። እናቷን ከሷ ወስዶ የቀበረው ያ ማፈር አሁን ወንድሟን ሊወስድ ነው፤ ልታስጥለው የምትችለው ደግሞ በእጅጉ አዋርዳው ነው። ሁለቱም አስጠላት፤ ግን ሄደች።

ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያያት ሴሚሲ ነው፤ ሆዱ ከጉልበቱ ላይ የሚተኛ፣ ለነገር የማይሰንፍ ሽማግሌ።

«እንዴ ቫሲቲ! ሴቶቹ አልበቁሽ ብለው ነው? ዘንቢልሽስ የት...» ብሎ ጀመረና ፊሊሞኔ አጠገቡ መቀመጡ ትዝ አለው። ዋጠው።

ዘፈኑ ተቆረጠ። የምትቀዳዋ ልጅ ጽዋውን እንደያዘች ቀረች። ፊሊሞኔ ቀና ብሎ አላየም። የእህቱን እግር ደጃፉ ላይ ሲያይ፣ ወንድም እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ጓሮ በር መሳብ ጀመረ።

«ፊሊሞኔ፤» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ተቀመጥ።»

ፊሊሞኔ አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ ተክሎ፣ አንድ እግሩን ለመነሳት አንስቶ ደርቆ ቀረ። እህት ባለችበት መውጣት ግዴታው ነው። እህት ያዘዘችውን መፈጸምም ግዴታው ነው። ልጅ ሆኖ የተማራቸው ሁለቱ ነገሮች እንዲህ በአንድ ሰው ላይ ሲጋጩ እዚያ ቤት አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ተይ እንጂ ቫሲቲ፣ ነውር ነው፤» አለ አንዱ ከጥግ።

«ነውሩ የኔ ይሁን። ተቀመጥ ብያለሁ።»

ተቀመጠ። ፊቱ እስከ ጆሮው ጠቁሮ ነበር። ቫሲቲ እንዳታየው ፊቷን ወደ በሩ መቃን አዞረች፤ ለእንጨቱ እንደሚናገር ሰው ሆና ጀመረች።

«የጡት ካንሰር ወንድንም ይይዛል። ይህን አውቅ ነበር። በየስብሰባው አስወጥቻችሁ፣ ሳልነግራችሁ ኖርኩ። እብጠት ያለው፣ ከጡቱ ጫፍ ፈሳሽ የሚወጣው ወንድ እዚህ ቤት ካለ፣ ሐኪሙ ክሊኒክ ነው። የፊጂ ሰው ነው፤ የማንም ወንድም፣ የማንም ዘመድ አይደለም። ነገ ይሄዳል።»

 ሴሚሲ እንደ ልማዱ ነገሩን ሊያቀለው ፈለገ።

«ወንድ ደግሞ ምን ጡት አለው?»

ጥግ ላይ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ቫሲቲ ታውቃለች፤ ይህ ሳቅ ከተነሳ ወንድሟ ከዚህ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ባሕር ነው የሚገባው።

«አለህ እንጂ ሴሚሲ!» አለች። «ከኔም ይበልጣል!»

ቤቱ ፈነዳ። ሴሚሲ ደረቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እየተንፈራፈረ ሳቀ። የምትቀዳዋ ልጅ እንኳ ካቫውን ደፋችው። ያልሳቀው አንድ ሰው ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳይነቅል ተናገረ።

«ሴሚሲ፣ ለእህቴ ንገርልኝ።»

«እዚሁ ናት እኮ፣ ምን...»

«ንገርልኝ አልኩህ። ሁለት ነው በላት። ሌላው ብብቴ ውስጥ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ በላት።»

የሴሚሲ እጅ ከደረቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ዞሮ፣ ደጃፉ ላይ ለቆመችው ሴት፣ እሷ ያልሰማች ይመስል፣ ቃል በቃል ነገራት። 

ብብት ማለት በሽታው መዛመት መጀመሩ እንደሆነ ቫሲቲ ታውቃለች። መቃኑን ያዘች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ጊዜው አልነበረም።

«ንገረው፤» አለች። «እህትህ ከፊት ትሄዳለች፣ ተከተላት በለው። ዞራ አታይህም በለው።»

ወጣች። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃ ነበር። በመንገዱ መሐል፣ አንገቷን አቅንታ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ሄደች። ከባሕሩ ንፋስ ሌላ የምትሰማው አልነበረም። አሸዋማ መንገድ ላይ የባዶ እግር ኮቴ አይሰማም። ልትዞር ፈለገች፤ ቃሏን ሰጥታለች። በቤተ ክርስቲያኑ አለፈች። በፓስተሩ ግቢ አለፈች። ባይመጣስ? ካቫ ቤት ደጅ ቆማ፣ በወንድሟ ፊት ስለ ጡት ተናግራ፣ አዋርዳው፣ ባይመጣስ? ክሊኒኩ ደጅ ስትደርስ ከኋላዋ ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም ነበር።

ያወቀችው የሴቶቹን ፊት አይታ ነው። ሰልፉ ውስጥ የቀሩት ወሬያቸውን አቋርጠው፣ በሷ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ። ግማሾቹ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው፤ እህቶቹ። ማንም ምንም አላላቸውም። በሩ ላይ የቆመችው ነርሷ ነበረች ቀድማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው፣ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ሰልፉ በሙሉ መንገድ ከፍቶ ጀርባውን ሰጠ።

ቫሲቲም ዞረች፤ ግንባሯን ሙቁ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ኮቴው አሁን ሲሚንቶው ወለል ላይ ተሰማት። ከኋላዋ መጣ፣ ጀርባዋ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ ከዚያ አለፈ። የክሊኒኩ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።