ነጯ ፍየል ቦታ ያጣችበት ቀን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ድምፁ የተዘጋ ቪዲዮ ከፈቱና፣ «ይህ ሰው እየዋሸ ነው ወይስ እውነቱን ነው?» አሉኝ። አንድ ገበሬ፣ እሳቸው እንዳሉኝ ገበያ ስለዋለበት ቀን፣ ያወራል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«አላውቅም» አልኩ።

«ይህን መልስ አትርሺው። ዓይን ብቻ አይቶ የሚያውቅ የለም» ብለው ደቂቃ መቁጠሪያውን ሰጡኝ።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ነው። ሰቆጣ በተከራየነው ክፍል መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስቀመጥ ታዲያ ከጓደኞቼ ሁሉ ታላቅ ነበርኩ። ሥራችን ሰው ሲዋሽ ሰውነቱ ምን እንደሚያደርግ ማጥናት ነው። ተሳታፊው አንድ የሆነ፣ አንድ ያልሆነ ነገር ያወራል፤ እንቀርጸዋለን። ከዚያ ድምፁን ዘግተን የእጁን እንቅስቃሴ፣ ድምፁን ከፍተን ደግሞ የዝምታውን ርዝመት እንመዘግባለን።

ሌላም ሙከራ ነበረን። «ስለ ነጭ ፍየል እንዳያስቡ፤ ከመጣችብዎት አንድ ጠጠር ጣሳው ውስጥ ይጣሉ» እንላለን። ሐሳብ በግድ እንደማይባረር የምናየው በዚያ ነው። አንድ የአበርገሌ ሽማግሌ «አንቺ ባትጠሪያት መቼ ትመጣ ነበር?» ብለው ተቆጥተውኛል።

እማማ ዝማም ለዓይናቸው ሕክምና ከሰቆጣ ጎረቤት ከዝቋላ ወረዳ መጥተው፣ ከቢሯችን ጎን ከወንድማቸው ልጅ ከሲሳይ ቤት አርፈው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ያልሆነ ነገር እንዲያወሩ ስጠይቃቸው፣ «የሲሳይ ሽሮ ይጣፍጣል» አሉ። ሲሳይ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «አክስቴ፣ ዛሬ ጦምሽን ታድሪያለሽ!» አለ።

ሁለተኛው ዙር በሚደረግበት ጠዋት ሲሳይ ብቻውን መጣና በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ የአክስቴ ልጅ ሞቷል፤ ቆላ ለሥራ የወረደው። ዘመድ ከዝቋላ ተነሥቷል። እሁድ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። ያለ ዘመድ እንዳትሰማ። ሙከራውን ከሰረዝሽው ደግሞ ትጠረጥራለች።»

የሰው ፊት ማንበብ እንጂ የራሴን መደበቅ አልተማርኩም። ካሜራውን አልከፈትኩም። እማማ ዝማም ሲገቡ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የፍየሏን ነገር ነገርኳቸው። ጠጠሩን ጨብጠው ተቀመጡ። ጣሳው ዝም አለ፤ ደቂቃውም አለቀ።

«አንዴም አልመጣችም?»

«በየት ትግባ ልጄ? ቦታው ተይዟል።»

ደቂቃ መቁጠሪያውን አስቀመጥኩ።

«ሲሳይ መቀለድ ተወ። ሽሮውን ሳማው እንኳ ‹ልክ ነሽ አክስቴ› ይለኛል። ልጄ ነው አይደል? ተይ፣ አትመልሽልኝ። ፊትሽ በቅጡ አይታየኝም፤ ዝምታሽ ግን አሳበቀ።»

እጃቸውን ያዝኩ።

«ለሲሳይ እንዳትነግሪው። አገር ለእኔ ብሎ ያን ሁሉ ገደል እየወጣ ይሆናል። ሲደርስ ‹ሰምቻለሁ› ልበለው? ያርዱኝ። ከእነሱ ጋር ላልቅስ።» ከዚያም፣ «እናንተ የተማራችሁ፣ እስከዚያ እንዳላስበው የምታደርጉኝ ነገር አላችሁ?» አሉ።

«የለንም እማማ። ሲያባርሩት ይብሳል።»

«እንግዲያ ላስበው።»

አንድ ጠጠር ጣሉ። ቆይተው ሌላ። ጣሳውን እኔ ያዝኩላቸው። ጠጠሩ ሲያልቅ መልሼ መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩት፤ እንደገና ጀመሩ።

ሲሳይ ሊወስዳቸው ሲመጣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ «ዛሬም ያንን ሽሮ ልታበላኝ ነው?» አሉት። ሳይወድ ሳቀ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ከዘመዱ ጋር ሄድኩ። የነፍስ አባታቸው ተናገሩ። እማማ ዝማም ጮሁ። የስንቱን ሰው ፊት አይቻለሁ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሐሰት አላየሁም። ሲሳይ ደግፎ ይዟቸዋል፤ አብሯቸው ያለቅሳል።

ዶክተሩ በኋላ «የእማማ ዝማም ሁለተኛ ቅጂ የታለ?» አሉኝ።

«አልቀረጽኩም። መርዶ ነበር።»

«ደግ አደረግሽ» ብለው ሌላ አልጠየቁኝም።

ዛሬ አስተባባሪ ነኝ። ለአዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች አቀራረጹንና አመዘጋገቡን አሳያለሁ። ስጨርስ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ሰው ሲደብቅ ካያችሁ፣ ለማን ብሎ እንደደበቀ ሳታውቁ «ዋሸ» ብላችሁ አትጻፉ።