ሣጥኑን ማንኳኳት ረሳሁ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ከጤፍ አጨዳ በኋላ እንደነበር ግን የመንገዱ አቧራ ትዝ ይለኛል። ነገሩን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ናት። ትናንት እዚህ ብቸና፣ በረንዳዬ ላይ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ፕሮግራም የሚሉትን ስትጽፍ፣ "ኤጭ!" አለች።

"ምን አደረገሽ?"

"መስመር ውረድ ስለው ትእዛዙን እንደ ቃል ይጽፍብኛል፣ አባባ። ለካ ይቺን ረስቻለሁ።" ወደ ኋላ የጋደለች ጭረት አሳየችኝ። "ይቺ ከፊት ካለች ቀጥሎ ያለው ፊደል ለማሽኑ የተነገረ ትእዛዝ ነው። ከሌለች ዝም ብሎ ይጽፈዋል።"

ሳቄ መጣ። እኔ እኮ እንዲያ ያለችውን ምልክት ረስቼ ሚስት ላጣ ነበር።

ያኔ ሞጣ እህል ተሸካሚ ነበርሁ። እጮኛዬ ብቸና ናት። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ሳለ የጎጆዬ ክዳን አላለቀም፤ አባቷን ቀን አራዝሙልኝ ማለት ነበረብኝ። አማት ፊት አፍ አውጥቶ መለመን ደግሞ ነውር ነው። ገበያ ዳር ሣጥን ላይ ደብዳቤ የሚጽፉ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ።

"ያልኸውን ሁሉ እጽፋለሁ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ለእኔ የምትለው ካለህ አስቀድመህ ሣጥኑን አንኳኳ። ያን አልጽፈውም።"

አንኳኩቼ "መስመር ይውረዱልኝ" አልሁ፤ ወረዱ። ኋላ ትኩስ የሽምብራ ቆሎ ገዝቼ ሁለት እጄ ተያዘ። እየቆረጠምሁ፣ "ሰውየው ቁጡ ናቸው፤ ሲያባብሏቸው ግን ይለዝባሉ። እስቲ አባቴ ሆይ የምትል ይጨምሩባት" አልሁ። ብዕሩ አላረፈም። እኔ ማንበብ አልችል!

በጭነት መኪና ግንደወይንን አልፌ ብቸና ገባሁ። አማቴም ፊደል ስላልቆጠሩ የደብሩ መምህር ተጠርተው መጡ። እኔ በሩ ሥር ቆምሁ። ሰላምታውን አነበቡና ድንገት ንባቡን አቋረጡ። ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ምነው፣ የኔታ?" አሉ አማቴ።

"መነጽሬን ልጥረገው ብዬ ነው።" ጠረጉና ቀጠሉ፦ "አባቴ ሆይ፣ ጎጆዬ ክዳን አልለበሰም፤ ልጅዎን ሜዳ ላይ አላሳድራትም..."

አማቴ ጥቂት አሰቡ። "አባቴ አለኝ? ይሁን፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁንለት።"

ውጭ ስንወጣ የኔታ የዘለሉትን፣ "ሰውየው ቁጡ ናቸው" የሚለውን፣ በጆሮዬ አነበቡልኝ። የሣጥኑን ነገር ስነግራቸው በጣታቸው አንጓ ግንባሬን ሁለቴ መቱና፣ "ከእንግዲህ ሳትናገር በፊት ይቺን አንኳኳ፣ አንተ ቆሎ በሊታ!" አሉኝ።

የልጅ ልጄ ጭረቷን ጨመረችና መስመሩ ወረደ። ከውስጥ አያቷ ምሳ ቀርቧል ብላ ተጣራች፤ አሁንም ድረስ ድምጿን ስሰማ ቀልጠፍ እላለሁ። ማሽን የጻፉለትን ሁሉ ይለፈልፋል፤ ለሰው አዝኖ የሚዘለው የለውም። እኔን ግን የዘለሉልኝ ነበሩ፤ የኔታ አስረስ።