የጣቢያችን ወረቀት በላምባ ታሽቶ ድሬዳዋ ገባ

ንጋት

ከሽንሌ ወዲያ ካለችው የባቡር ጣቢያችን ስነሳ ሰማዩ ገና አልነጣም። የያዝኩት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ውስጡ የጣቢያዋ አሮጌ ወረቀት። እዚያ የነጋዴ ጭነት መዛኝ ነበርኩ። አለቃው ቢሮውን ሲያጸዳ ሊያቃጥለው ክብሪት ሲጭር ነጥቄ ቤቴ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስነካሁም። እኔም አላነበብኩትም፤ ፊደል የለየሁት በቅርቡ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ግማሹ የዓረብ፣ ግማሹ የፈረንሳይ ጽሕፈት ነው። ድሬዳዋ አሮጌ ወረቀት የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት ተከፈተ ሲሉኝ ተነሳሁ። እነሱ ካልወሰዱት፣ እኔ ስሞት ልጆቼ ቀፊራ ገበያ ወስደው ለበርበሬ መጠቅለያ ይሸጡታል።

ባቡር ውስጥ

የቤታችንን ምሰሶ ከምስጥ የምንጠብቀው በላምባ ነው። ወረቀቱንም እንደዚያው አሸሁት። ታዲያ ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ኮንትሮባንድ ጨርቅ ከቀሚሷ ሥር የጠቀለለች አንዲት ሴት ብቻ ደስ ብሏት ተጠጋችኝ። ኮንትሮባንድ ፈታሹ ፊናንስ መጥቶ ሳጥኑን አስከፈተኝ፤ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ እሷን ሳይፈትሽ ሄደ።

"አባባ፣ በየሳምንቱ ይመላለሱ" አለችኝ።

ረፋድ፣ ድሬዳዋ

በጋሪ መሥሪያ ቤቱ ደረስኩ። ወረቀት ተቀባይዋ አስቴር ትባላለች። ሳጥኑን ከፍታ አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች።

"አባባ፣ ይህን መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ሌላውን ሁሉ ያበላሽብኛል። አልቀበልም።"

እሷ አልቀበልም፣ እኔ አልሄድም። በሯ ላይ ተቀመጥኩ። ለምሳ መውጫ ስታጣ ተሸነፈች፤ ግቢ ውስጥ ጥላ ላይ ይሰጣ፣ ሽታው ከቀነሰ እወስናለሁ አለች።

ከሰዓት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር

እንደ በርበሬ አሰጣነው፣ በየላዩ ጠጠር እየጫንን። ማንም እንዳይነካ ዱላዬን ይዤ ቆምኩ። ጥላ የፈለገ ባለጉዳይ ሁሉ ግን እየመጣ ያነባል። አንዱን ሳባርር ሌላው ያጎነብሳል። ደከመኝና ተውኩት። ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ አንዱን የዓረብ ጽሑፍ እያነበቡ ይስቃሉ። ምን ይላል አልኳቸው።

"አቦ፣ የወተት ነጋዴ ሴቶች ለባቡሩ ሹም ያስጻፉት ማመልከቻ ነው። የሚዛኑ ሰውዬ ደወል ተደውሏል ብሎ ወተታችንን አይጭንም፤ ፀሐይ ላይ ይረጋብናል። ልቡ ከሚዛኑ ብረት የተሠራ ነው፣ ከሥራው አንሡልን ይላል። ሰውዬው በሕይወት ይኖር ይሆን?"

"አለ" አልኩ። "ላምባ ላምባ ይሸታል።"

ግቢው ሁሉ ሳቀ። አስቴር ጠጋ ብላ፣ ከፈለግሁ ያቺን ወረቀት ይዤ መሄድ እንደምችል በዝግታ ነገረችኝ። እጄም ተዘርግቶ ነበር። ግን የእነዚያ ሴቶች ቃል ከዚያች ወረቀት ሌላ የት ተቀምጧል?

"ትቀመጥ" አልኳት። "ለጠየቀሽ ሁሉ አሳዪያት። እኔ ስመጣ ብቻ ደብቂያት።"

ሳጥኑ ሙሉ ወረቀት፣ ሽታው እስኪለቀው በረንዳ ላይ ሊያድር፣ ተቀባይነት አገኘ።

መመለሻ

ባዶ ሳጥኔን ተሸክሜ ጣቢያ ስገባ ደወሉ ተደውሏል፤ ባቡሩ ግን እንደ ቆመ ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ጎረምሳ ከደወል በኋላ ሳጥን አይጫንም አለኝ። ባዶ ነው አልኩት። እኔም በዚሁ ሥራ እንደሸበትኩ ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። ባቡሩ ሄደ።

እንዲህ ያለውን ልበ ደረቅ በማመልከቻ ነው ማስነሳት አልኩና ወረቀት ፍለጋ ሳጥኔን ከፈትኩ። አንዲት ቁራጭ አልተረፈችም።