የፍሬምወርኩ ዕድሜና የስድስት ቁጥር ፀሐይ

«ለአሥር ደቂቃ ብቻ ትፈለጋለህ» ብለው ነው ዊንጌት አካባቢ ካለው ቤቴ ያወጡኝ። አሥር ደቂቃዋ ሃያ ሦስት ቀን ሆነች። ላፕቶፔን፣ ስልኬንና፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ባይገባኝም፣ ከጎረቤት የተዋስኩትን ቻርጀር ጭምር ወሰዱ። ጥፋቴ ስለ ሰፈራችን ቤት ፈረሳ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኳት አራት መስመር ነበረች። ጣቢያ ስንደርስ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር አስፈትተው ስድስት ቁጥር የምትባል ክፍል ውስጥ ከተቱኝ።

ክፍሏ ቢበዛ ስምንት ሰው ታስተኛለች። እኛ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። እርጥብ ካልሲና ያደረ ሽሮ ትሸታለች፤ ግድግዳዋ እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ወዝቷል። ጠዋት ጠዋት ለሩብ ሰዓት ግቢ ወጥተን ፀሐይ እንሞቃለን፤ የቀኑ ደስታ በዚያው ያበቃል። ካቦአችን፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ ሸጎሌ በግ የሚነግድ ሰው ነበር። የታሰረው ለአንድ ፓርቲ ድግስ በግ አቅርበሃል ተብሎ ነው። «በጎቹ የማን ደጋፊ እንደሆኑ እኔ በምን አውቄ?» እያለ ይበሳጫል። አጠገቤ የሚተኙት ደግሞ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቁርጥማት ስላለባቸው ፀሐይ ካላገኙ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሹት እሰማለሁ።

መርማሪዬ በእኔ ዕድሜ ያለ ኢንስፔክተር ነበር።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ከጀርባህ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ሦስት ቀን ይህንኑ ተባባልን። መልሴን አንድም ቀን አልጻፈውም፤ ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። በአራተኛው ቀን ላፕቶፔን አስከፍቶ ሲበረብር ድንገት እጁ ቆመ።

«በዚህ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ።

ያየው ፍሬምወርክ የምንለውን ነው፤ ኮዱን አንዴ ጽፈን በአንድሮይድም በአይፎንም የሚሠራ አፕ የምናወጣበት መሣሪያ። አዎ አልኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ። ሊመታኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ከመሳቢያው የራሱን ላፕቶፕ አወጣ።

«እ... ማለቴ፣ ይሄ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነገር ከስክሪኑ ጠርዝ አልጠፋ አለኝ። ሁለት ሳምንቴ ነው።»

ባለቤቱ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። እሱ ደግሞ ማታ ማታ በኦንላይን እየተማረ፣ ደንበኞች ጥለት የሚመርጡበት አፕ ይሠራላታል። ውጭ ያሉት ደንበኞቿ አይፎን፣ እዚህ ያሉት አንድሮይድ ስለሚይዙ ያለዚህ ፍሬምወርክ አይሆንለትም። ኮዱን አየሁት። የተደረደረው ነገር ከቦታው በልጦ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም፤ የስድስት ቁጥርም ችግር ይኸው ነበር። አፑ ላይ ግን ገጹን ወደ ታች የሚያንሸራትት ማሸብለያ መጨመር ይቻላል። ጨመርኩለት፣ ዝንጉርጉሩ ጠፋ፣ ኢንስፔክተሩ እንደ ልጅ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ስድስት ቁጥር ሙሉ ሰዓት ፀሐይ ሞቀች። መምህሩ ግቢውን ሁለቴ ዞሩት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እጠራለሁ። ለደንቡ ያህል «ማን አዘዘህ?» ይለኛል፣ «ማንም» እለዋለሁ፣ እስክሪብቶውን ያስቀምጥና ትምህርት እንጀምራለን። በዚህ ሁኔታ አሥር ቀን ያህል እንደቆየን አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ፍሬምወርኩን የሚሠራው የውጭ ኩባንያ ባለሙያዎች ቀንሷል የሚል ወሬ ስልኩ ላይ አሳየኝ። «ሊተዉት ነው እያሉ ነው» አለ። እየተንተባተብኩ አንድ ሁለት ነገር ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ፀሐይዋ ወደ ሩብ ሰዓቷ ተመለሰች።

ምክንያቱን ስነግራቸው ካቦው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሦስት ፓርቲ ሰዎች አሉ፤ በአገር ጉዳይ ቀርቶ በመስኮቱ መከፈት እንኳ ተስማምተው አያውቁም። አንደኛው «ኩባንያው ራሱ ለገዛ ሥራው ይጠቀምበታል?» ብሎ ጠየቀኝ። በሙያዬ ከገጠሙኝ ጥያቄዎች እንደዚያ ያለ የበሰለ አላስታውስም። በመጨረሻ ካቦው አሳጠረው።

«ስማ ወንድሜ፣ ዛሬ ስትገባ ገና መቶ ዓመት ይኖራል በለው፣ በቃ። ምን ይጎዳሃል?»

እጅ ወጣ። መምህሩ ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ፤ ሌላው ሁሉ ፍሬምወርኩ ብሩህ ተስፋ እንዳለው አጸደቀ።

ከሰዓት በኋላ ስገባ ኢንስፔክተሩ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ነው። ነገ አስገባዋለሁ። ባለቤቴ ገና አልሰማችም» አለ። «ንገረኝ፣ ይሄ ነገር ዕድሜ አለው?»

የመምህሩ ጉልበት ታወሰኝ። ደግሞም፣ አልዋሽም፣ ያሰረኝን ሰው በአንድ ቃል ከእንጀራው ማፈናቀል እንደምችል ሳስብ ደስ አለኝ። መቶ ዓመት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ሰውየው ግን ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀኝ ነው።

«አላውቅም» አልኩት። «ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በአንድ ቀን አይሞትም። ሠሪዎቹ ቢተዉት ግን ማን እንደሚያነሳው አላውቅም። እኔም ለክፉ ቀን ብዬ ሌላ እየተማርኩ ነው። እርስዎን ብሆን በዚህ ተማምኜ ደመወዝ አልተውም።»



«ይኖራል ብትለኝ ይሻልህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ። ፋይሌን ሳበና እስክሪብቶውን አነሳ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

ጻፈው።

ክፍል ስመለስ ካቦው «መቶ ዓመት አልከው አይደል?» ብሎ ተቀበለኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ጩኸቱ ዘበኛ አመጣ። ካቦው እስክፈታ ድረስ ስሜን ትቶ «ጻድቁ» ይለኝ ነበር። ፀሐይዋም ሩብ ሰዓት እንደሆነች ቀረች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጉልበትዎን ጎዳሁት» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ጉልበቴ የራሱ ነገር አለው። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የደከምኩት ሳያውቅ ከሚመልስ ተማሪ ጋር ነው» ብለው ወደ ግድግዳው ተጠግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

ከሳምንት በኋላ ተፈታሁ። ያቺ የተጻፈች ቃል ትርዳኝ አትርዳኝ አላውቅም። ኢንስፔክተሩም ሥራውን ይልቀቅ አይልቀቅ አልሰማሁም። ፍሬምወርኩ አለ፤ በየጊዜው ሊሞት ነው ይባላል፣ እኔም እስካሁን በእሱ እንጀራ እበላለሁ። ሰውየውን ክፉ ነው ለማለት ይከብደኛል። ግን እናደድበታለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነገርኩትን እውነት ለማመን ስለ ፍሬምወርክ መጠየቅ አስፈለገው።