ቅቤ የተቀባው ጃካራንዳ

ሰሞኑን ወልድያ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት በመንገዱ ዳር የተተከሉትን ለጋ ዛፎች መድኃኒት የሚረጩ ወጣቶች መጥተው ነበር። መርጫቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ አፍና አፍንጫቸውን በፎጣ አስረው፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እያለፉ ይረጫሉ። ጸሐይዋ አናት ትበሳለች። «ኧረ ሲቀዘቅዝ አድርጉት፣ ቅጠሉ ይቃጠላል» ልላቸው አማረኝ፤ ግን ጡረታ የወጣ ሰው ምክር ማን ይሰማል? በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳያቸው ሐሳቤ መርሳ ወረደ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። መርሳ በሚገኝ አንድ የችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ ችግኝ አጠጣለሁ፣ አርማለሁ፣ ተባይ ሲገባ አክማለሁ። ከደሴ የሚመጣው አውቶብስ በቆመ ቁጥር ብርቱካንና ፓፓያ የያዙ ሴቶች መስኮቱ ላይ ይረባረባሉ፤ አውቶብሱ ሲነሳ አቧራው እነሱንም ብርቱካኑንም አልብሶ ይሄዳል። የመርሳን ሰው ከብርቱካን ዛፍ በቀር ስለ ሌላ ዛፍ ማነጋገር ከባድ ነበር። የማይበላ ዛፍ ምን ያደርጋል ባይ ነው።

እመት ዘሀራ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ የሚለየን አንድ የቅንጭብ አጥር ነው። ባላቸው ሞተው፣ የቀራቸው አንድ ልጃቸው ሰይድ ብቻ ነበር። ሰይድ እኩያዬ ነው። ዐረብ አገር ለመሄድ በተነሳበት ሰሞን ሊሰናበተኝ ጣቢያው መጣና ከተከላ የተረፈ አንድ የጃካራንዳ ችግኝ ሰጠሁት። «ምን ላድርገው?» አለኝ። «በራችሁ ላይ ትከለው፣ ለእናትህ ጥላ ይሆናል» አልኩት። እየሳቀ ይዞት ሄደ፤ ተክሎትም ተነሳ። ነገሩ ይኸው ነበር።

ለእናቱ ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ሰይድ ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፋ። «አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው» የሚል መንገደኛ እንኳ ታጣ። እመት ዘሀራ ያላቸውን ፍቅር ሁሉ ወደ ዛፉ አዞሩት። እሳቸው ሳይጠጡ እሱን ያጠጣሉ። በአገራችን እናት የልጇን አናት ለጋ ቅቤ ትቀባ የለ? እሳቸውም የሚቀቡት አናት ቢርቅባቸው ዛፉን ይቀቡት ጀመር፤ ግንዱን ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ መጋጠሚያ ድረስ። ሰፈሩ «ዘሀራ አድባር አቆመች» ብሎ አማ። ሼሁም ሳይቀሩ መክረዋቸዋል ይባላል። እሳቸው ግን «አድባር አይደለም ወላሂ! የልጄን ራስ ነው የምቀባው» ብለው ይቀጥላሉ።

ዛፉ ከሰው ቁመት ካለፈ በኋላ፣ ማሽላ በሚታጨድበት ወራት አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ታደሰ፣ ዘሀራ እህል መቅመስ ትታለች። ዛፉ እየደረቀ ነው፤ ልጄ ሞቷል እያለች ነው። ሂድና እየው» አለችኝ።

ሄድኩ። ቅጠሉ ተጨማዶ ይረግፋል። በቅርንጫፎቹ ብብት ውስጥ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ተባይ ተጣብቋል፤ እሱ የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉን አጣብቆታል፣ ከሥር ያለውን ደንጊያ ሳይቀር አጥቁሮታል። በግንዱ ላይ ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቅቤው አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ደርቋል። መጀመሪያ ቅቤውን ብለው የመጡት ጉንዳኖች ከዚያ ጣፋጩን አግኝተዋል፤ አሁን ተባዩን ሊበላ የሚመጣውን ሁሉ እየነከሱ ያባርራሉ። እረኛ ሆነውለታል ማለት ይቻላል።

እመት ዘሀራ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። «ንገረኝ ልጄ፣ አትሸሽገኝ» አሉኝ። «እሱ ከደረቀ ሰይዴ የለም።»

ዛፍ ዛፍ ነው፣ ሰው ሰው ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። ፊታቸውን ሳየው አልወጣልኝም። «ይድናል እመት፤ ግን ቅቤው ይቅር» ብቻ አልኩ።

«ቅቤው ይቅር? እንዲያ ራሱ ደርቆ? አንተ ልጅ አሳድገህ አታውቅ፣ ምኑን ታውቀዋለህ!»

እውነታቸውን ነው፣ አላውቅም ነበር። ግን እናቴ እህቶቼን ጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ራሳቸውን ስትፈትሽ አይቻለሁ። «እመት፣ ቅማል የገባበትን ራስ ሳያጥቡ ቅቤ ይቀቡታል?» አልኳቸው።

«አዑዙ ቢላህ! የኔን ልጅ ቅማል?»

ጠጋ ብለው ነጩን ነገር በጥፍራቸው ፋቁት። ሲንቀሳቀስ ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀና ብለው በአጥሩ በኩል የሚያይ ጎረቤት እንዳለ ቃኙ። «እንዶድ አምጡ!» ብለው ጮኹ፣ ሌላ ሰው በቤቱ እንዳለ ሁሉ።

እንዶዱን ወቅጠን፣ በውኃ መትተን፣ አረፋውን በጨርቅ አጠለልነው። ጸሐይ እስክትበርድ ጠበቅን። ከዚያ እሳቸው ግንዱን፣ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ የቅጠሉን ጀርባ አጠብን። ከግንዱ ላይ የቅቤው ቅርፊት እየተላጠ ሲወድቅ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉታል። ጉንዳኑ እንዳይመለስ በሥሩ ዙሪያ አመድ ነሰነስን። የቀረው አንድ ነገር ነበር፦ አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ በተባይ ተውጦ ደርቋልና መቆረጥ አለበት።

«እጁን ልትቆርጥብኝ?» ብለው ገቡና በሩን ዘጉ።

መጋዜን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጥንቅሽ እያኘክሁ ጠበቅኋቸው። ጥንቅሹ የዚያን ዓመት በጣም ጣፋጭ ነበር፤ ይህንን ለምን እንደማስታውስ አላውቅም። እመት ዘሀራ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ቅርንጫፉን ራሳቸው ያዙት።

«ቢስሚላህ በል» አሉኝ።

«እመት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ።»

«እንግዲያስ በሥላሴ በል። ብቻ ቶሎ በል!»

ቆረጥኩት፤ አቃጠልነውም። ከዚያ ወዲያ ተባዩ እስኪጠፋ ድረስ ሲመሽ ሲመሽ አጠብነው። በልግ ሲያካፋ እመት ዘሀራ የችግኝ ጣቢያው ድረስ እየተጣደፉ መጥተው፣ ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ «አቆጠቆጠ!» አሉኝ። የዚያን ቀን ማታ እናቴ ቤት ገብተው ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግበው እንጀራ በሉ። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰይድ መጣ። ከዓመታት በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቀው ከአውቶብስ ወረደ። ወፍሯል፣ ጥርሱን ወርቅ አስገብቷል። ሰፈሩ ሁሉ ግቢያቸው ሲሞላ እኔም ሄድኩ። ጃካራንዳው ከቤቱ ጣሪያ በልጦ ሐምራዊ አበባውን አርግፎብን ነበር። ሰይድ ከሥሩ ተቀምጦ ውኃ ጠጣና ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«እንዴት ያለ ጥላ ነው! ይሄን ማን ተከለው?» አለ።

አፌን ከፈትኩ። እመት ዘሀራ ግን ቀደሙኝ።

«ታደሰ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«እጅህ ይባረክ ወንድሜ» አለኝ ሰይድ። አሜን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ሲሸኙኝ በሩ ላይ፣ የተከለው እሱ ራሱ፣ ያሳደጉትም እሳቸው መሆናቸውን ለምን እንዳልነገሩት ጠየቅኋቸው። ተናድጄም ነበር፤ ለእሳቸው ብዬ።

«የኔን ናፍቆት እሱ ምን ያድርገው?» አሉኝ። «መጣልኝ አይደል? አልሐምዱሊላህ።»

ያኔ መልሳቸው አልገባኝም። የደከሙበትን ነገር እንዲህ በቀላሉ ለሌላ መስጠት የዋህነት መስሎኝ ነበር። አሁን እሳቸው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፣ እሳቸውም ካለፉ ቆይተዋል።

ትናንት ሴት ልጄ ከሐዋሳ ደወለች። እዚያ ሥራ ከያዘች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። «አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። ትታው የሄደችውን የተማሪ ቤት ጫማ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ብዬ ቀለም እየቀባሁ ነበር።

«ምንም» አልኳት። «ቁጭ ብያለሁ።»