ጥለቱን ወደ ላይ ያዞረው የገበታ ጨርቅ

ያ ብርሃን የጧት ነበር ወይስ የምሽት? እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ጉለሌ በማታ ትምህርት ክፍል ውስጥ ግን እጄን አውጥቼ መልሼዋለሁ። ለዚያውም በልበ ሙሉነት።

ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን ሁሉ ያምናል፤ ባመነውም ሌላውን ያርማል። እኔ ደግሞ አፍ ስለሌለኝ የማርመው በሆዴ ነበር፤ መምህራኑን ሳይቀር።

አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን ከፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። ሳህን ሙሉ ኮክ፣ ከሥሩ የተጨማደደ ነጭ ጨርቅ፣ ከጎን የሚገባ ብርሃን። "ይህ ሠዓሊ ከዕቃው ይልቅ ብርሃኑን ነው የሚሥለው። የታያችሁን ተናገሩ" አለን። እንደ ልማዴ ፊት ተቀምጬ ስለነበር ለእኔ የታየኝ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ሰውየው ብሩሹን ያራገፈበት መሰለኝ። ኋላ ወንበር ሄጄ ሳየው ግን ኮኩ ከነለስላሳ ጸጉሩ ቁጭ አለ። የጨርቁ ጥላ ሰማያዊ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ቀይ መስመር ወደ ላይ፣ ወደ ሳህኑ ታጥፏል።

እናቴ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ትፈትል ነበር። በጨርቅ ነገርማ ማን ይቀድመኛል!

"ቤቱ ሐዘን ላይ ነው" አልኩ ቆሜ። "ጥለቱ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ ወደ ላይ ዞሯል። ብርሃኑም የምሽት ነው፤ በር ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያለው። ፍሬውንም የነካው የለም።"

ከሸጎሌ የምትመጣ አንዲት ጨዋታ አዋቂ ሴት አጠገቤ ነበረች። "እቴ፣ የምን ለቅሶ ቤት ነው ኮክ የሚያቀርበው? ንፍሮው የታለ?"

ሳቁ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። መምህሩም እየሳቀ፣ "እህቴ፣ የገበታ ጨርቅ እኮ ነው! ፈረንጅ ጥለት አያዞርም" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ለመሆኑ የተዘጋውን በር ከየት አመጣሽው?"

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እኔ ሊቋ፣ ሥዕል ተረጎምኩ ብዬ የቤታችንን ጉድ ስዘረግፍ ነበር። ወንድሜን ወስደው ገድለውታል፤ እንደ እሱ ለሞተ ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። እናቴ ውጭ ስትወጣ ነጠላዋን እንደማንኛውም ሰው ትለብሳለች፤ ሲመሽ በሩን ዘግታ ጥለቱን ወደ አንገቷ ታዞራለች። ጎረቤት ሲጠይቃት "ክፍለ ሀገር ሄዷል" ነው መልሷ። ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። እኔ ደግሞ ለክፍል ሙሉ ሰው፣ ያውም ቆሜ!

"ከ... ከመጽሐፍ ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናብ ብናገር እንኳ ከመጽሐፍ ነው የምል ሰው ስለነበርኩ ሁሉም አመኑኝ።

የሸጎሌዋ ሴት ግን ከዚያ ወዲህ አልቀለደችብኝም። ሳምንታት አልፈው፣ ከክፍል ወጥተን መንገድ ስንጀምር ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ማነው የሞተባችሁ?"

"ወንድሜ" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት።

ቀጥ ብላ ቆመች። መንገድ ላይ ነንና አላለቀሰችም። "ታዲያ ንፍሮው የታለ?" አለች፤ አሁን ሳትስቅ። "ነገ ቀቅዬ እመጣለሁ። ሰው ከጠየቀ ልናጠና ነው እንላለን።"

"ባቄላ አታብዢበት" አልኳት፤ ማረም መቼ ይለቀኛል። "ባቄላ አይወድም ነበር።"