ወደብ ላይ የደረስነው ለቅሶ

ብሪክስተን በሚባለው የስደት ሰፈራችን ጎረቤቴ ከሆነችው ከአልማዝ ጋር በመርከብ ሽርሽር ወጥተን አንዲት ትንሽ ወደብ ላይ ለጥቂት ሰዓት አወረዱን። «ያረፈደን አንጠብቅም» አሉ የመርከቡ ሠራተኞች። ሌላው ተሳፋሪ አይስክሬም ፍለጋ ሲበተን አልማዝ ጥቁር የለበሱ ሰዎች የሚገቡበት ቤት አየች።

«ለቅሶ ቤት ደጅ ደርሶ ማለፍ ነውር ነው።»

«የማናውቀው ሟች?»

«ሟች መታወቂያ ይጠይቃል እንዴ? ግቢ!»

ገብታ እዬዬ ስትል፣ እንባቸውን ውጠው የተቀመጡት ፈረንጆች ሁሉ አለቀሱ። ሻይ አቀረቡልን፤ ለመነሣት አፈርን። በኋላ የመርከቡ ጥሩምባ ጮኸ። ከቀብር የተመለሰው የሬሳ መኪና ሹፌር «ላድርሳችሁ» ባይለን ቀርተን ነበር። ከፊት የነበረው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ ተቀመጥኩበት።

ወደቡ ላይ ስንደርስ የመርከቡ ሠራተኞች ቆባቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። አልማዝ በኋላው በር ወርዳ ቀሚሷን አራገፈችና፣ «አስጠበቅናችሁ እንዴ?» አለቻቸው።